ሐዘን ነው የተባለው የእናቴ ሕመም

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሰው «ደረቴን ያመኛል» ሲል «የት ጋ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሁሉም ያውቀዋላ! ልጁ የሞተበት ሰው ደረቱን ካላመመው ምኑን ሊያመው ነው? ይህ ዕውቀታችን እናቴን ሊነጥቀኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ግን ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእናንተ መካከል አሁን ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስተኛ ሰው ይኖር ይሆናል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ንፋስ መውጫ ከገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሐበሻ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ምላሷ ሹል ነው ይሉኛል፤ ባል ያጣችውም በእሱ ነው የሚሉ አሉ። እናቴ ስንዱ የምትኖረው ስማዳ ነው፤ ከወረዳዋ ከተማ ከወገዳ በእግር ረዘም ያለ መንገድ በሚያስኬድ መንደር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እሷና ታናሽ ወንድሜ አንተነህ ነበሩ መሬቷን ይዘው ገብሱንም ባቄላውንም እያፈሱ የሚኖሩት። አንተነህ የእናቴ ዓይን ነበር። በእሱ ቀንቼ አላውቅም፤ ሲስቅ ቤት በሚሞላ ልጅ ማን ይቀናል?

እሱ መስከረም ላይ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ወረደ። ሥራው አልቆ ሲመለሱ የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ተገለበጠ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ። የእኛው ልጅ እዚያው ሞተ፤ ሙቀቱም መንገዱም ስላላመቸ እዚያው ተቀበረ። መርዶው የደረሰን የመቃብሩ አፈር ከደረቀ በኋላ ነው።

አስከሬን የሌለበት ለቅሶ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሰበሰባል፤ መሐል ላይ ግን የሚታቀፍ ነገር የለም። ስለዚህ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ፎቶውን ይዘው ያለቅሱለታል። እናቴ የያዘችው ፎቶውን ነበር፤ ትምህርት ሲጨርስ የተነሳውን፣ በወፍራም የእንጨት ፍሬም የገባውን። በግራ እጇ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ በቀኟ ትመታለች፣ ትዘላለች፣ ሙሾ ታወርዳለች። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ይዘዋት ነበር። መካከል ላይ ከእጃቸው አመለጠችና በፊቷ ተደፋች። ስናነሳት መስታወቱ ተሰባብሯል፤ እሷን ግን አልቆረጣትም። «እመብርሃን ጠበቀቻት» ብለን ስባሪውን ጠርገን ጣልን።

እኔ አላለቀስኩም። ንፍሮ መቀቀል፣ ለመጣው ሰው መቀመጫ መፈለግ፣ የሽማግሌውን እግር ማጠብ የእኔ ድርሻ ሆነ። ቆይ አለቅሳለሁ፣ ቆይ አለቅሳለሁ እያልኩ ቀኑ ነጎደ።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ ባንድ ቀን አያልቅም። በመጀመሪያው ቀን ያልደረሰ ዘመድ ከእስቴም ከጋይንትም በየቡድኑ እየሆነ ይመጣል። ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ጩኸቱን ሲለቀው ሐዘንተኛዋ ከመደቧ ተነስታ እንደ አዲስ ማልቀስ፣ ደረቷን መድቃት አለባት። ዝም ብላ ብትቀመጥ «ይህች ሴት ልጇን ረሳችው» ይባላል። እናቴ ደግሞ ለወግ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ጡጫዋን ጨብጣ፣ ከፎቶው ፍሬም በታች በግራ በኩል፣ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ትመታዋለች። ጠዋት የመጣ ያስለቅሳታል፣ ከሰዓት የመጣ ያስለቅሳታል።

ጥቂት ቀን ቆይታ «ደረቴን ወጋኝ» አለች። ስትተነፍስ ያዝ ያደርጋታል፤ ስትስቅማ ማን አየ፣ ስታስነጥስ ግን ትጮኻለች። ጎረቤቶቿ ተያዩ። «ልቧ እኮ ነው፤ እንዴት አይውጋት!» አለች አንዷ። ሌላዋ መቀነቷን ፈትታ የእናቴን ደረት ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት፤ እንዲደግፋት። እናቴም «እፎይ፣ ቀለል አለኝ» አለች። ከዚያ በኋላ መቀነቱ ከደረቷ ወርዶ አያውቅም፤ ሲላላ ራሷ ታጠብቀው ነበር።

ውሎ ሲያድር ትንፋሿ አጠረ። ሳል ሲመጣባት ከንፈሯን ነክሳ ትውጠዋለች። ትከሻዋ ወደ ግራ ዘመመ። እኔ የሰው ትከሻ ማየት እንጀራዬ ነው፤ ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ሐዘን ሰውን ሁለንተናውን ያጎብጠዋል እንጂ አንድ ጎን መርጦ ያጎብጣል እንዴ? አልኩ በልቤ። ግንባሯን ብነካ እሳት ነው።

«እማ፣ ምን ይሰማሻል?»

«ምንም። የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» አለችኝ። «አንተነህ እየጠራኝ ነው።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ መርዶው ከመጣ ወዲህ ያላየሁትን ዕረፍት አየሁ። ከትኩሳቷ ይልቅ ያ ዕረፍት አስደነገጠኝ። ጓዟን ጠቅልላ ለመሄድ ተዘጋጅታለች።

ወደ አጎቴ ወደ ጋሽ ፈንቴ ሮጥኩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ አንተነህን እርፍ ያስያዘው እሱ ስለሆነ የራሱም ሐዘን ትንሽ አልነበረም።

«ጋሽዬ፣ ሆስፒታል እንውሰዳት።»

«አንች ልጅ፣ ራስሽ ደህና ነው? አርባው ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል? ነገ ከእስቴ ዘመድ ሲመጣ ባዶ ቤት ያግኝ?»

«ሞታ ቢያገኟትስ?»

«ሐዘንን ሐኪም አያድነውም፣ የሻረግ። የሐዘን መድኃኒቱ ጊዜ ነው።»

«ጊዜውን ከየት ታምጣው? ውኃ እንኳ ሳታርፍ መጎንጨት አቅቷታል እኮ!»

እየተጨቃጨቅን ወደ እናቴ ቤት ስንመለስ ያስጠራቻቸው የንስሐ አባቷ ደረሱ። እኛን አስወጥተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ መስቀላቸውን እየጠቀለሉ ጋሽ ፈንቴን ጠሩት። «እኔ የእኔን አድርሻለሁ። ይህች ሴት ትኩሳት አላት። አርባውን ያለ እሷም እናወጣለን፤ ውሰዷት። ጾሙንም ፈትቻታለሁ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውሰድ» አሉት። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ጋሽ ፈንቴ ለእኔ እምቢ ቢልም የእሳቸውን ቃል ተቀበለ። ቃሬዛ አስመጣ።

እስከ ወገዳ ጎረቤቶች እየተቀባበሉ ተሸከሟት፤ ከዚያ በመኪና ሆነ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው በዘለለ ቁጥር የእናቴ እጅ እየሮጠ ሄዶ እዚያችው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ከደረቷ አጥንት በስተግራ፣ ሁለት ጣት በሚሸፍናት ቦታ። ጋሽ ፈንቴ ፊት ወንበር ላይ ሆኖ «ምነው ቤቷ ብትሞት» እያለ ያጉረመርማል። እኔ ደግሞ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እስከ ሆስፒታሉ አድርሰኝ ብቻ እያልኩ አምላኬን እለማመጠዋለሁ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ቶሎ ተቀበሉን። ደረቷ ላይ ገመድ ለጣጥፈው የልቧን ምት በወረቀት አወጡ። ራጅ አነሷት። አንድ ወጣት ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና «ልባቸው ጤነኛ ነው። ጎድናቸውም አልተሰበረም። ግራ ሳንባቸው ሥር ግን የሳንባ ምች ጀምሯቸዋል፤ መርፌ እንጀምርላቸዋለን» አለን።

ጋሽ ፈንቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? አጥንቱም ልቡም ደህና ነው። ታዲያ የሚወጋት ምንድን ነው? ሐዘን ነው አላልኩሽም!»

እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ጊዜ አመንኩት። ሐዘን ከሆነ ምን ይደረጋል?

ከኋላችን አንዲት አጭር ሴት ሐኪም ቆማ ፊልሙን ታይ ነበር። ዶክተር ህሊና ይሏታል። ቁጡ ነገር ናት፤ አነጋገሯ የእስቴ ልጅ መሆኗን ይናገራል። «የሳንባ ምቹስ ከየት መጣ?» አለች ለራሷ። ከዚያ የእናቴን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ መቀነቱን አየችና «ይህን ማነው ያሰረው?» ብላ ጮኸች። እናቴ በሁለት እጇ ያዘችው። ሐኪሟ ድምፅዋን ለወጠች።

«እናቴ፣ ለቅሶ ነበረብዎት?»

«ልጄ ሞቶብኛል።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንዴት አድርገው ነበር የሚያለቅሱት? ያሳዩኝ እስቲ።»

እኔ ተቆጣሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? እናቴ ግን አልከፋትም። እንዲያውም ከመጣን ጀምሮ የገባት ጥያቄ ይህ ብቻ ይመስለኛል። አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀመጠችና፣ በዚያች ባጠረች ትንፋሿ፣ አወረደችው፦

«ሰሊጡ ታጨደ ነዶው ተከመረ፣
የኔው ልጅ ብቻውን ቆላ ወርዶ ቀረ...»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሕመምተኞች ወደ እሷ ዞሩ። ወጣቱ ሐኪም አንገቱን ደፋ። እናቴ ግራ እጇን የሌለውን ፎቶ እንደያዘች አድርጋ ደረቷ ላይ አሳረፈችና ቀኝ ጡጫዋን አነሳች። ጡጫው ከደረቷ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ሰውነቷ ራሱ እምቢ አለ።

ዶክተር ህሊና ያን ጡጫ ቀስ ብላ ያዘችና አወረደችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ከደረቷ አጥንት ጠርዝ ከላይ ጀምራ ጎድን በጎድን እየተጫነች ወረደች።

«እዚህ ያምዎታል?»

«የለም።»

«እዚህስ?»

«የለም።»

«እዚህ?»

እናቴ ጮኸች። ያ ጩኸት ለቅሶ ውስጥ ስሰማው የከረምኩት ጩኸት አልነበረም፤ እሾህ እንደወጋው ሰው ያለ ጩኸት ነው። ሐኪሟ ጣቷን አነሳች። «ወድቀው ነበር?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

«በለቅሶው ቀን በፊቷ ተደፍታለች።»

«ምን ላይ?»

ያን ጊዜ ነው የፍሬሙ ነገር ትዝ ያለኝ። «ፎቶ ይዛ ነበር። በእንጨት የተሠራ። እሱ ላይ ነው የወደቀችው» አልኩ።

ዶክተር ህሊና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «የበግ ፍርምባ በልተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ጎድኑ ከደረቱ አጥንት ጋር ሲገናኝ በጥርስ የሚቆረጠም ነጭ አጥንት አለ አይደል? ልም አጥንት ይባላል። ሰውም አለው። የእናትሽ የተጎዳው እሱ ነው። ራጅ ጠንካራውን አጥንት ያሳያል፣ ልሙን ግን አያሳይም። ፊልሙ ንጹሕ ስለሆነ አልተጎዳም ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጠይቀን፣ በጣት ዳስሰን ነው። ልባቸውን ቀድመን ያየነውም ደረት ያመመው ሰው ሁሉ ልቡ መታየት ስላለበት ነው።»

«ታዲያ ምቹ?» አለ ጋሽ ፈንቴ።

«ሲወድቁ ተጎዱ። ከዚያ ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር እዚያው ላይ እየመቱ እንዳይድን አደረጉት። ሲያማቸው ትንፋሻቸውን አሳጠሩ፤ መቀነቱ ደግሞ አባሰባቸው። ሳሉን ዋጡት። ሳንባ ጥልቅ ትንፋሽ ካጣ ሥሩ ላይ አክታ ይቋጥራል። ምቹ የመጣው በዚያ ነው።»

መቀነቱን ራሷ ፈታችው። ማስታገሻ በሰዓቱ እንዲሰጣት፣ ቀና ብላ እንድትቀመጥ፣ የታጠፈ ጋቢ ደረቷ ላይ አቅፋ ጥልቅ እንድትተነፍስና እንድትስል አዘዘች። «ሲስሉ ጋቢውን ጫን አድርገው ይቀፉት፤ ሕመሙን ይቀንስልዎታል። ካልሳሉ ግን መርፌው ብቻውን አይበቃንም።»

እናቴ እስከዚያ ድረስ ጣሪያውን እያየች ነበር። «ይድናል?» አለች።

«ይድናል እናቴ! ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ሳምንታት ይወስዳል፣ ምናልባት ከዚያም ይበልጥ። ግን ይድናል።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ክኒኑን ሳመጣላት አፏን ዘጋች። «ጾም ነው» አለች።

«ቄሱ ፈትተውሻል እኮ።»

«እኔ አልፈታሁም።»

ጋቢውን እቀፊ ብላት አትነካውም። ሳሉ ሲመጣ አንገቷ ሥር ደም ሥሯ እስኪወጣ ትይዘዋለች። ለመንኳት፣ አባበልኳት፤ ፊቷን ከግድግዳው አልመለሰችም። ጋሽ ፈንቴም ተራውን ለመነ። ፀሐዩ ከመስኮቱ እየሸሸ ሄደ። ነርሷ ትኩሳቷን ለክታ ከንፈሯን መጠጠች። በመጨረሻ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ «ለምን እማ?» አልኳት።

«እሱ ነው ብዬ ነበር።»

«ማን?»

«ልጄ። መቃብሩን አላየሁት፣ አፈር አላለበስኩት። ከእሱ የቀረችኝ ይህች ውጋት ነበረች። እዚህ ጋ ነው የተኛው እያልኩ እጄን አሳርፍበት ነበር እኮ። አሁን ፍርምባ ነው አሉኝ። ደግሞም ይድናል አሉኝ።»

ምን ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? ዘመድ ሁሉ የሚለውን «ተይ፣ ያለ ነው» ልላት አልቻልኩም። ከዚያ ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቁጣ ገነፈለብኝ።

«እኔስ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?» አልኳት፤ ሰው መኖሩን ረሳሁት። «ወንድሜን ገና አላለቀስኩትም እማ! ንፍሮ ስቀቅል ነው የከረምኩት። ገና እሱን ሳላለቅስ አንች ትጨመሪብኛለሽ? ሁለታችሁን ባንድ ላይ እንዴት አድርጌ ላልቅሳችሁ?»

ይህን ብዬ አልጋው እግር ሥር ቁጭ አልኩ፤ ቁጭ ስል ለቅሶዬ መጣ። ከመርዶው ጀምሮ ያከማቸሁት ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣ። አንተነህ አንተነህ እያልኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ጋሽ ፈንቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የለበሰውን ጋቢ ፊቱ ላይ ሳበ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ እጅ ራሴን ዳበሰኝ።

«የሻረጌ» አለች እናቴ። «በይ ያን ጨርቅ አቀብይኝ።»

ጋቢውን አጥፌ ደረቷ ላይ አሳቀፍኳት። ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሽ ሳበች፤ መንገድ ላይ ያዛት፤ ተወችው፤ እንደገና ሳበች። ከዚያ ሳለች። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ያለ ሳል አልሰማሁም፤ ከጎድኗ ሥር ተነቅሎ የመጣ ይመስል ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ወየው፣ ያማል» አለች፤ ደግማም ሳለች። ነርሷ «ጎበዝ! ጎበዝ እናቴ!» እያለች ጀርባዋን ደገፈቻት። ከዚያም ክኒኑን ራሷ ጠየቀች።

ትኩሳቱ ወዲያው አልለቀቃትም። አንድ ቀን ተሻላት ስንል በማግስቱ ባሰባት፤ ዶክተር ህሊናም የማትመልስልኝ ጥያቄ በዛ። ግን እናቴ መሳሉን አልተወችም። በስተመጨረሻ ትኩሳቱ ወርዶ አርባው ሳይደርስ ወደ ቤት መለሱልን።

አሁን የሚያስፈራኝ ቤቱ ሆነ። ከሆስፒታል የመጣች ሐዘንተኛ ብለው ሰዎቹ ደግሞ ሊያስለቅሷት መሰብሰባቸው አይቀርም። እንዳልኩትም ገና ደጅ ስንደርስ አንድ ቡድን ከእስቴ መጥቶ ይጠብቀናል። ጩኸቱ ተለቀቀ። እናቴ ከቃሬዛዋ ተነሳች፤ ቀኝ እጇ ተጨበጠ። እኔ ልይዛት ስንደረደር እሷ ራሷ ጡጫዋን ፈታችና ጋቢውን አቀፈች።

«ደረቴ ተጎድቷል፤ መምታት ተከልክያለሁ» አለች። «እናንተ አልቅሱልኝ። እኔ ልተንፍስ።»

አንዷ ሴትዮ ሰምቼ የማላውቀው ጉድ ነው በሚል ዓይን ጎረቤቷን አየች። ጋሽ ፈንቴ ተቆጣ። «አልሰማችሁም? ልም አጥንት ነው!» አለ፤ ቃሉን ከተማረ ገና ሳምንቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር ላይ እየቆመ ለመጣው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ስለ በግ ፍርምባ ሲያስረዳ ከረመ። በጾም ስለ ፍርምባ ማውራት ነውር ነው ያሉት እንኳ ነበሩ።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ለቅሶአችንን ለማጥላላት አይደለም። ሰው ለሰው እንዲያ ካላለቀሰ ምኑን ሰው ሆነ? ግን ሐዘንተኛ ሲታመም ሕመሙን ሁሉ ለሐዘን አሳልፈን ስንሰጥ፣ ሰውየውንም አብረን አሳልፈን እንሰጣለን። ደረቴን ካላችሁ የት ጋ በሉት። ጎድኑን በመቀነት አትጠፍሩበት። ትንፋሽ ያጠረውንና ያተኮሰውን አርባው እስኪወጣ አታቆዩት። እኔም ዛሬ ደንበኛዬ እጇን ለልክ ስታነሳ ፊቷ ከተቋጠረ ሥራዬን አቁሜ እጠይቃታለሁ። ነገረኛ ቢሉኝ ግድ የለኝም።

እናቴ ዳነች። ዳነች ስል ግን ደስ ብሏት ተነሳች ማለቴ አይደለም። የካቲት መጨረሻ ላይ ልጠይቃት ሄጄ ባቄላ የሞላ ማዳበሪያ ብቻዋን አንስታ ስታስቀምጥ አየኋት። ተደስቼ «እማ፣ ደረትሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

ቀስ ብላ ሦስት ጊዜ ተነፈሰች፤ ሆዷ ድረስ። «አያመኝም» አለች። ከዚያ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ምናለ» አለችኝ፣ «ምናለ ትንሽ እንኳ ቢቆይልኝ።»